ገንዘብ የከፈለ እንግዳ አደብ የለበትምን?

«ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት» የሚል የጉዞ ማስታወቂያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዛት እናያለን። መጓጓዣው፣ መኝታው፣ ቁርሱና አስጎብኚው ተደምሮ በአንድ ዋጋ ይቀርባል። ቀድሞ ሽርሽር የፈረንጅና የባለጸጋ ነገር ነበር። ዛሬ ግን መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ጥቂት ብር ያጠራቅምና ወደ አንዲት ከተማ ጎራ ብሎ የእጅ ጥበቧን ሊያይ፣ ምግቧን ሊቀምስ፣ በሰፈሮቿ ሊዘዋወር ያቅዳል።

ሦስት ቀን የሚለው ልክ ለሙስሊም ጆሮ አዲስ አይደለም። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሹረይሕ አል-ኹዛዒ (ረ.ዐ.) ይዘው እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን መሆኑን፣ ከዚያ ያለፈው ለአስተናጋጁ ሶደቃ እንደሚቆጠርለት አስተምረዋል። በዚያው ሐዲስ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማናነሣው ሌላ ወገን አለ። እንግዳውም አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ ድረስ መቀመጥ አይፈቀድለትም። እንግዲህ ሐዲሱ የአስተናጋጅን ግዴታ ብቻ ሳይሆን የእንግዳንም ግዴታ ደንግጓል ማለት ነው። ጥያቄዬ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ለአልጋው የከፈለ፣ ለምግቡ የከፈለ፣ ለአስጎብኚው የከፈለ ሰው እንግዳ ነው ወይስ ደንበኛ? ደንበኛ ከሆነ ሒሳቡን ዘግቶ ይሄዳል። እንግዳ ከሆነ ግን ሒሳቡ በገንዘብ ብቻ አይዘጋም።

ይህን እንዳስብ ያደረጉኝ የእጃጂ ልጆች ናቸው። እጃጂ ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጌዶን አልፈው ባኮ ሳይደርሱ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። በዚያ የሚኖሩ ሦስት ወዳጆቼ፣ አንዱ መምህር ሁለቱ ነጋዴዎች፣ ከዒድ በኋላ ሐረርን ለማየት ተመካክረው ዕቅዱን በደብተር ወረቀት ላይ አሰፈሩ። ጁገል፣ ሙዚየሞቹ፣ የስፌት ሥራው፣ የሚበላው፣ የሚጠጣው ሁሉ በተራ ተጽፏል። ጉዞው ራሱ ቀላል አይደለም። ከእጃጂ አዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ሐረር ደግሞ ከአምስት መቶ በላይ ነው። በምዕራቡ መንገድ ላይ ባለፉት ዓመታት የታየው የጸጥታ ችግርም ሰው ሳያጣራ እንዲነሣ አያደርገውም። ሦስቱን ቀን ሐረር ለመዋል ሌላ ሦስት ወይም አራት ቀን በመንገድ ያልፋል።

ከመነሣታቸው በፊት አንድ የከተማዋን አባት ለማማከር ሄዱ።

«ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልን፤ ሐረርን ልናይ ነው» አሏቸው።

«ማሻአላህ! ለዚያራ ነው ልጆቼ?»

«ዚያራውም አለበት፤ ይበልጡን ግን ከተማዋን ለማየት ነው። ቤቶቹን፣ የእጅ ሥራውን፣ ምግቡን።»

ሐጂ ጥቂት ዝም አሉና «የሰው ቤት ለማየት ይህን ያህል አገር! እዚህ ያለውን የጎረቤታችሁን ቤትስ ገብታችሁ አይታችሁታል?» አሏቸው።

መምህሩ ይህን በስልክ ሲያጫውተኝ ይስቅ ነበር። እኔ ግን ሐጂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ከባድ ጥያቄዎችን እንዳነሡ ተሰማኝ። አንዱ የገንዘብ ነው። ሁለተኛው የዓይን ነው።

የገንዘቡን ጥያቄ ዑለማዎቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ቁርኣን በሱረቱ አል-ዐንከቡትም በሱረቱ አር-ሩምም በምድር ላይ ሄደን እንድናስተውል ያዘናል፤ ስለዚህ መጓዝና ማየት በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። በ1223 እ.ኤ.አ. ያረፉት የሐንበሊ መዝሀብ ሊቅ ኢብኑ ቁዳማ «አል-ሙግኒ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ለመዝናናትና ለእይታ የሚደረግ ጉዞ ሶላትን ለማሳጠር ያበቃል ወይስ አያበቃም በሚለው ላይ ከኢማም አሕመድ ሁለት ዘገባዎች መምጣታቸውን ይጠቅሱና ራሳቸው ወደ መፍቀዱ ያዘነብላሉ። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የሽርሽረኛ ሶላት ጉዳይ ያነጋግር ነበር ማለት ነው! እንግዲህ ዕዳ የሌለበት፣ ቤተሰቡን ያላስራበ፣ ዘካውን ያወጣ ሰው በሐላል ገንዘቡ አንዲት ከተማ ቢጎበኝ ማን ይከለክለዋል? የጎረቤቱ ልጅ ትምህርት ቤት መሄጃ አጥቶ እርሱ ሐረር ቢሄድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያንን ራሱ ያውቀዋል፤ እኔ አልቆጥርለትም።

ስለ ምግቡ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ሙስሊሙ በቁጥር አነስተኛ በሆነበት በምዕራብ ሸዋ የሚኖር ሰው መንገድ ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «የሙስሊም ምግብ ቤት የት ነው?» የሚል ነው። አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ሌላው መንገደኛ ቁጭ ብሎ ያዝዛል፤ እርሱ የጨረቃ ምልክት ያለበትን በር ፍለጋ ይዞራል። ሲያጣ ሻይና ዳቦ፣ ወይም ሽሮ። ይህን ዕድሜውን ሙሉ ያደረገ ሰው ጁገል ገብቶ ሥጋውን ሳይጠይቅ መብላቱ ለእርሱ ትልቅ ነገር ነው። ጠዋት ፉል፣ ከሰዓት የግመል ሥጋ፣ በአብሽ የሚሠራው ሁልበት መረቅ፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው ሐሸራ። በዕቅድ ወረቀታቸው ላይ ምግቡ ከሙዚየሙ በላይ መጻፉ አልገረመኝም። (ነገር ግን በመላ አገሪቱ የሐረርን ስም ለጥፎ በየመጠጥ ቤቱ የሚዞረው ቢራ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ፋብሪካው በ2011 እ.ኤ.አ. ለሄንከን ኩባንያ ተሽጧል፤ የቅዱሳንና የመስጊዶች ከተማ ስም ግን ጠርሙሱ ላይ ቀረ።)

አዲስ አበባ ቅርብ አልነበረም ወይ? ነበር። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውንና በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀውን 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ማየት ይቻል ነበር፤ አዳራሹ ታድሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ግን ፒያሳ ዙሪያ ያለው ሰፊ ነባር ሰፈር ፈርሷል። በጥብስ ቤቶቹ የታወቀው ዶሮ ማነቂያ አብሮ ሄዷል። ያኔ ከሁሉ በላይ በቁጭት የተናገረው አንዳንዱ ሰው በዚያ ሰፈር ኖሮ የማያውቅ፣ ቡና ለመጠጣትና ፎቶ ለማንሣት የሚመጣ ነበር። ከነዋሪው መካከል ግን በጋራ መጸዳጃ የተማረረም፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ በመለየቱ ያለቀሰም ነበረ። ጎብኚ ግድግዳውን ይወዳል፤ ነዋሪ ግን ከግድግዳው ጋር ነው የሚኖረው። ይህ ልዩነት የዓይንን ጥያቄ ያመጣልናል።

በእኔ አስተያየት ስለ ጎብኚ ዓይን ከኢብኑ በጡታ የተሻለ መምህር የለም፤ ያውም ራሱ ሳያውቀው። ይህ ሰው በ1331 እ.ኤ.አ. ገደማ በአካባቢያችን ባሕር ዳርቻ አልፏል። በመጀመሪያ የደረሰው ዘይላ ነው፤ የሐረርና የመላው የኢስላም አገር በር የነበረችው ዘይላ። ስለ እርሷ የጻፈው ጥቂት ነው፤ እርሱም ስድብ ነው። የዓሣውና በየመንገዱ የሚታረደው የግመል ደም ሽታ አስመርሮት ባሕሩ ቢናወጥም ሌሊቱን በመርከቡ ላይ ማደርን መረጠ። ከዚያ መቅዲሹ ደረሰ። በዚያ ግን እንግዳ ሆነ። በተማሪዎች ማረፊያ ቤት አሳደሩት፤ በአገሩ ልማድ መሠረት ሦስት ቀን ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ይቀርብለት ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ጁሙዓ ነበርና፣ ቃዲውና ተማሪዎቹ ልብስ ይዘውለት መጡ። ስለ መቅዲሹ የጻፈውን ያነበበ ሰው በቅቤ የበሰለውን ሩዝ፣ ከጎኑ የሚቀርበውን የዶሮና የዓሣ ወጥ፣ በወተት የተቀቀለውን ሙዝ፣ የተቆመጠጠውን ሎሚና ዝንጅብል ሁሉ ያገኛል።

ያው ሰው፣ ያው ጉዞ፣ ያው ዓይን ነው። ዘይላን በሽታዋ ፈረደባት፤ ምክንያቱም በማንም ቤት አልገባም፤ ማንም ቁራሽ አላቀረበለትም። መቅዲሹን በማዕዷ አወቃት። እኔ ከዚህ የምረዳው ከተማን ማወቅ በሰው ቤት እንግዳ ከመሆን እንደሚመጣ ነው። ከመርከብ ላይ፣ ዛሬ ደግሞ ከመኪና መስኮት፣ የሚታየው ነገር ከሽታ አያልፍም።

እንግዳ መሆን ግን ብቻውን አያድንም። ሐረር ይህን በደንብ ታውቃለች። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ገባ። እስከ ከተማዋ የመጣው የዐረብ ነጋዴ መስሎ ነበር፤ ሊደርስ ሲል ግን ቱርክ ነው ብለው እንዳይጠረጥሩት ፈርቶ እንግሊዛዊነቱን ለመግለጥ ወሰነና ዐደን ከነበረው የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጻፈ። ይህን እርሱ ራሱ በመጽሐፉ አምኗል። አሚር አሕመድ ማረፊያ ሰጡት፣ ምግብ ላኩለት፣ ዐሥር ቀን ያህል አስተናገዱት፣ በሰላምም አሰናበቱት። በተከታዩ ዓመት በ1856 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ከተማዋና ስለ ሕዝቧ ያሰፈረው ግን ያስተናገደውን ሰው የሚያስለቅስ ነው። ዛሬ የጉብኝት ጽሑፎች ሐረርን ሲያስተዋውቁ «የመጀመሪያው አውሮፓዊ» እያሉ ስሙን ያስቀድሙታል። ሐሰተኛ ደብዳቤ ይዞ የገባ እንግዳ የከተማዋ መግቢያ ጌጥ ሆኖ መቅረቡ እኔን አያስደስተኝም። በስሙ የሚጎበኘው የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ቤትም ቢሆን ሰውየው የኖረበት አይደለም፤ እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። ጎብኚ ለማየት የመጣውን ያያል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሱረቱ አን-ኑር ስለ ቤትና ስለ ዓይን በተከታታይ አንቀጾች ትናገራለች። በ27ኛው አንቀጽ ምእመናን የሌላ ሰው ቤት ሳያስፈቅዱና ሰላምታ ሳያቀርቡ እንዳይገቡ ታዘዋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ «ተመለሱ» ከተባሉ እንዲመለሱ ያዛል። በ29ኛው ደግሞ ሰው የማይኖርባቸውና ለእኛ ጥቅም ያለባቸው ቤቶች ሲሆኑ ያለ ፈቃድ መግባት ኃጢአት እንደሌለው ተገልጿል። ሙፈሲሮች ለዚህ የመንገደኛ ማረፊያዎችንና ሱቆችን ምሳሌ አድርገው ይጠቅሳሉ። እንግዲህ ሸሪዓ ቤትን በሁለት ከፍሎታል፤ አንዱ መኖሪያ ነው፣ ሌላው ማረፊያ። ሆቴል ያለ ጥርጥር ከሁለተኛው ወገን ነው። ሙዚየምም እንዲሁ። በሐረር አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው በየቤቱ ሊጠፉ የነበሩ የእጅ ጽሑፎችንና ቅርሶችን አሰባስበው ያቋቋሙትን ሙዚየም የሚጎበኝ ሰው በማንም መኖሪያ ላይ ዓይኑን አልጣለም። ባለቤቶቹ በፈቃዳቸው ከጓዳቸው ያወጡትን ነው የሚያየው። የእጃጂ ልጆች ሙዚየሙን በወረቀታቸው ላይ ከምግቡ በታች ማስፈራቸውን እዚህ ላይ ቅር ልላቸው እችላለሁ።

ነገር ግን ጁገል በመላ ምንድን ነው? የግንቡ አሠራር በ16ኛው ምእተ ዓመት ከነበሩት ከአሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ ጋር ይያያዛል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶች እንዳሏት ጠቅሷል። ይህ ሁሉ እንደ ሙዚየም ቢጠራም ሙዚየም አይደለም። ጠባቧ መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍባት ሰፈር ውስጥ ሰው ተወልዶ ያድጋል፣ ያገባል፣ ይሞታል። በመንገዱ የሚሄድ ሰው ክንዱ የሰው ግድግዳ ይነካል፤ የተከፈተ በር ካለ ግቢው በሙሉ ይታየዋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በበራቸው ቀዳዳ አጮልቆ ያያቸውን ሰው በገሠጹት ጊዜ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን ነግረውታል። እግርህ ሳይገባ ዓይንህ ከገባ ገብተሃል ማለት ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ በተከፈተ በር ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ጎብኚ ከዚያ ሰው በምን ይለያል? ፎቶ በራሱ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ለዑለማዎች እተዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ፈቃድ ነው። ቅርጫቷን ደፍታ አትክልት የምትሸጥን ሴት ልብሷ ስላማረ ሳይጠይቋት አንሥተዋት ሲሄዱ ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ኪታብ መግለጥ አያስፈልገውም።

ከባዱ ጉዳይ የሐረሪ ቤት ነው። በጁገል ውስጥ ነባር የሐረሪ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። ከፊሉን ቤተሰቡ ይኖርበታል፤ ከፊሉን ያከራየዋል። ይህ ቤት የ27ኛው አንቀጽ ነው ወይስ የ29ኛው?

ቤቱን ላላየ ሰው ጥቂት ላስረዳ። ወደ ዋናው ክፍል ሲገቡ ወንበር የለም። ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉ፤ ወለሉና መደቡ ቀይ አፈር ተለቅልቋል። ቀዩ ቀለም በ1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው እየተባለ ይነገራል። ግድግዳው ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ ስፌቶች በረድፍ ተሰቅለዋል። አስጎብኚ «ጌጥ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ እነርሱ ግን የቤቱ መዝገብ ናቸው። ሙሽራ ለአማቷ የምትሰጠው ስፌት ራሱን የቻለ ስም አለው፤ «ሐማት ሞት» ይባላል። (አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ በሐረሪ ቋንቋ ግን «ሞት» የስፌቱ ስም ነው፤ አማት ላይ የተቃጣ ነገር የለም።) መደቦቹም እንዲሁ ተራ መቀመጫ አይደሉም፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ከመካከላቸው አሚር ነደባ የሚባለው የክብር ስፍራ ነው። ጎብኚው ግን ገብቶ ብርሃን ባማረበት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ፎቶ ይነሣል። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ሰው በሌላው ቤት በክብር መቀመጫው ላይ ያለ ፈቃዱ እንዳይቀመጥ ተከልክሏል። ሐዲሱ ሐረር ላይ ሥጋና ደም ለብሶ የሚታየው ያኔ ነው። የእጃጂ ልጆች ይህን ካልኳቸው በኋላ «ታዲያ የት እንቀመጥ?» አሉኝ። ጠይቁ ነው መልሱ። ደግሞም ከሐረር ጥበብ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። ሥዕልን ቆሞ በማየት ይረዱታል፤ የሐረሪን ቤት ግን የት እንደሚቀመጡ ጠይቀው ነው የሚረዱት።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ፍትሐዊም ስለሆነ ላልፈው አልችልም። «ባለቤቶቹ በፈቃዳቸው ከፍተውታል፤ ዋጋም ቆርጠዋል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ገቢ ነው። አንተ ስለ አደብ ስትሰብክ እነርሱ እንግዳው ቶሎ እንዲመጣ ይጠብቃሉ» ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ኪራይ ሐላል ውል ነው፤ የተዋዋሉትን ሳያጎድሉ መክፈልም ግዴታ ነው። ተከራክሮ ዋጋ ሰብሮ ከርካሽ መኝታው ፎቶ በኩራት የሚያሳይ ሰው የአደብን ነገር ገና አልጀመረም። ግን ውሉ ምን ላይ ነው የተደረገው? በክፍሉ፣ በአልጋው፣ በቁርሱ ላይ ነው። ጥግ ላይ ተቀምጠው ተስቢሕ የሚያደርጉት አያት በውሉ ውስጥ የሉበትም። ጸጉሯን ለመታጠብ ግቢ የወጣችው ልጅ የለችበትም። የቤቱ ኀዘንም፣ ጠብም፣ ድህነትም አልተከራየም።

በዚህ ላይ የአንቀጾቹ ቅደም ተከተል ብዙ ያሳስበኛል። ያለ ፈቃድ ሊገባባቸው የሚቻሉትን ቤቶች ከሚጠቅሰው 29ኛው አንቀጽ ወዲያው ቀጥሎ 30ኛው አንቀጽ ምእመናን ዓይናቸውን እንዲሰብሩ ያዛል። ትእዛዙ በቀጥታ የሚመለከተው የወንድና የሴትን ጉዳይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተፍሲሩን ልለውጥ አልደፍርም። ሆኖም መግባት ከተፈቀደ በኋላ ወዲያውኑ ስለ ማየት መነገሩ ለእኔ አንድ ነገር ያሳየኛል። በሩ መከፈቱ ዓይንን ነጻ አያወጣውም። ገንዘብ በር ይከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የዓይን አማና ነው።

የሸዋሊድን ነገር ደግሞ እናንሣ፤ ልጆቹ ወራቱን የመረጡት ለእርሱ ሲሉ ነውና። ሸዋሊድ የረመዳን ዒድ ካለፈ በኋላ የሸዋልን ስድስት ቀን ጾም ጨርሰው ሐረሪዎች የሚያከብሩት በዓል ነው። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በዝቶለታል፤ ደስ ይላል። ስለ በዓሉ አከባበር ሥርዓት በመካከላችን ያለውን የአመለካከት ልዩነት እዚህ አልገባበትም። የኔ ሐሳብ ትንሽ ናት። የሌላውን ፍጥር ለማየት ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሙስሊም ስድስቱን ቀን እጃጂ ላይ ቢጾማቸው በዓሉ የእርሱም ይሆናል። ሳይጾም ቢሄድ ኃጢአት የለበትም፤ ጾሙ ሱና ነው። ግን በሰው ዒድ ላይ ተመልካች ሆኖ ይቆማል፤ ካሜራ ከያዘው ፈረንጅ የሚለየው በስሙ ብቻ ይሆናል። ይህን ለመምህሩ ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ «እርሱስ አንተ ካልከው ወዲያ ሌሊቱን ለሱሑር መነሣት ነው የቸገረኝ» አለኝ።

ውኃም አለ። ይህን ማንም የጉዞ ወረቀት ላይ አይጽፈውም። ሐረርን ለረጅም ዘመን ያጠጣት የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዓመታት ደርቆ ነበር፤ ከተማዋ በውኃ እጦት ብዙ ተሠቃይታለች። በየቤቱ በርሜልና ጀሪካን የሚደረደረው ለጌጥ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ገላውን የሚታጠብ የሦስት ቀን እንግዳ፣ ሒሳቡን ቢከፍልም፣ ያ ቤት ለሳምንት የቆጠበውን ሊጨርስ ይችላል። አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ ድረስ የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስጠንቀቂያ በቀን ብዛት ብቻ ነው የሚለካ ያለው ማን ነው? ውዱእ ሲያደርጉ በወራጅ ወንዝ ዳር እንኳ ውኃ እንዳይባክን የሚመከር ኡማ ልጆች ነን።

እጃጂ ላይ ሆኖ ይህን ማሰብ አንድ ጥቅም አለው። እጃጂ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ነቀምትና ከዚያም ወዲያ የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ያያታል። አንዳንዱ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ከመስኮት ሳይወርድ የሚሸጥለትን ይገዛል፣ ከዚያም ይሄዳል። ስለ ከተማዋ ምን እንደሚያስብ ነዋሪው ከፊቱ ያነብባል። ስለዚህ የእጃጂ ሰው በዓይን መታየትን፣ ያውም ሳይታዩ መታየትን፣ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ኤረር በር ላይ ቆሞ የሌላውን ከተማ እንዴት ማየት እንዳለበት ለማስተማር ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ደግሞም ተራው ወደኛ እየመጣ ነው። ከአምቦ በስተደቡብ ያለችው ወንጪ በ2020 እ.ኤ.አ. «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ ገብታ፣ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች። ሐይቁን ለማየት የሚመጣው ሰው በየገበሬው ደጃፍ ያልፋል፤ ማጀቱንም ማየት ያምረዋል። ነገ አምቦና ጉደር፣ ምናልባትም እጃጂ፣ በአንድ ሰው የደብተር ወረቀት ላይ «ምግብ፣ ሰፈር፣ የእጅ ሥራ» ተብሎ ይጻፍ ይሆናል። የኛ እናቶች ጭኮ ሲያሹ በካሜራ ፊት መቀመጥ ይፈልጉ እንደሆነ ማን ይጠይቃቸዋል?

የሐጂ ጥያቄ ግን አሁንም ያለ መልስ ነው። የጎረቤታችሁን ቤት አይታችሁታል ወይ? ልጆቹ መልስ አልሰጧቸውም። እኔ እንደማስበው ጎረቤት ዘንድ መሄድና ሐረር መሄድ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አይደለም። ጎረቤቱ ዘንድ በር አንኳኩቶ፣ ሰላምታ አቅርቦ፣ ግባ እስኪባል ቆሞ፣ ያቀመጡበት ቦታ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሐረርም ሲሄድ ያንኑ ያደርጋል፤ ሌላ ትምህርት አይፈልግም። እዚህ ያላደረገውን ሰው ግን አስጎብኚ አያስተምረውም።

ለዑለማዎቻችን የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፤ በዚሁ ገጽ ቢመልሱልን ብዙ ወገን ይጠቀማል። በሱረቱ አን-ኑር 58ኛ አንቀጽ የቤቱ አገልጋዮችና ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት፣ ማለትም ከፈጅር በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻ በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ታዟል። ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ግቢ ክፍል የተከራየ እንግዳ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጣ በግቢው መካከል ማለፉ ግድ ነው። ግቢው በኪራዩ ውል ውስጥ ይገባልን? ከገባ፣ በእነዚያ ሰዓታት በገዛ ግቢያቸው ለመውጣት ተጠንቅቀው የሚያስፈቅዱት ባለቤቶቹ ሊሆኑ ነው ወይ? ካልገባ ደግሞ እንግዳው በየማለዳው ደጃፉ ላይ ቆሞ ድምፁን ማሰማት አለበትን? ልጆቹ ከመነሣታቸው በፊት መልሱን ቢያገኙ ይወዳሉ።

ወላሁ አዕለም።